አንድ ቅል፣ የሦስት ቤት ጥይት

ሰኞ፣ ጥር 17

ሚስቴ የሺ ዛሬም ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸችብኝ፤ ቅል አስጨረስከኝ ትላለች። በሐሰት ነው የከሰሰችኝ። አንድም ቅል አልሰበርኩም። ከጓሮ የሰቀልኩት የጨው ቅሏም፣ የዘር ቅሏም፣ ያ አንገቱ የተጣመመውም እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ቢሰበሩማ ደስታውን አልችለውም ነበር።

ነገሩ ጠመንጃው ነው። አዲስ ነው። አዲስ ስል ለእኔ አዲስ ማለቴ ነው እንጂ ዕድሜውን ቢነግረኝ አንቱ ሳልለው አልቀርም። ወረኢሉ ከብት ገበያ ላይ በበቅሎዬ የለወጥኩት ምንሽር ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ አፈሙዙ ግን ከመላጣዬ ይበልጥ ያበራል። የድሮውን፣ የአባቴን፣ በክፉው ቀን ለገብስ ሰጥቼዋለሁ። ገብሱን በላነው፤ ጠመንጃውን አንዳንዴ በህልሜ አየዋለሁ። የእሱን ጠባይ አውቅ ነበር። የዚህኛው ገና አልገባኝም።

እሁድ የሽመልስ ሰርግ ነው። ሽመልስ የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ክፉውን ቀን አላለፈውም፤ ስለዚህ አባትም አጎትም እኔው ሆኛለሁ። ሙሽሪት አለሚቱ የወግዲ ልጅ ናት። ሰርጉ አንዴ በረሃቡ፣ አንዴ በሐዘኑ ተላልፎ እዚህ ደርሷል። በዚህ አካባቢ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ሰርግ ስለሆነ ሰው ሁሉ የራሱ ልጅ የሚዳር ይመስል ሽር ጉድ ይላል።

የሙሽሪት ዘመዶች ወግ አላቸው። የልጅቷ አባት ከዳሱ ፊት ጥድ ላይ ቅል ይሰቅላል። ከወንድ ወገን አንድ ተኳሽ ወጥቶ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ይተኩሳል። ሦስት ጥይት ይፈቀድለታል። ከመታ ሰርገኛው እልል ተብሎ ይገባል፤ የተረፈ ጥይት ካለ ለደስታ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ሦስቱንም ከሳተ ግን ሰርገኛው በሙሉ ከአጥር ውጭ ያድራል። የሴት ወገን እዚያው ይቀልበዋል፤ በሩ የሚከፈትለት ፀሐይ ስትወጣ ነው። ሙሽሪት ውስጥ፣ ሙሽራ ውጭ። ልጃገረዶቹ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ ተኳሹን በዘፈን ሲወቅጡት ያድራሉ።

ተኳሹ እኔ ነኝ።

ይህን ያመጣው አፌ ነው። ሽማግሌ ሆነን ልጅቷን ልንጠይቅ የሄድን ጊዜ አባቷ ባላምባራስ ተገኘ «ተኳሻችሁ ማነው?» አሉ። (ማዕረግ ቀርቷል ስለተባለ አሁን ጓድ ባላምባራስ እንላቸዋለን። እሳቸውም አቤት ይላሉ።) ጠላ ይዤ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። «ቅሉን ግን ያሳንሱት፤ ትልቅ ቅል መምታት ለእኔ ነውር ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ባላምባራስ ጢማቸውን ብቻ ዳሰሱ።

ዛሬ ከጠመንጃው ጋር የመጡትን ጥይቶች ጨረስኩ። የመጀመሪያው ከሸፈ። ሁለተኛው ወደ ሰማይ ሄደ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ሦስተኛው የራሴን የጭድ ክምር መታ። ክምሩን ግን አላነጣጠርኩበትም፤ ስለዚህ አልቆጥረውም። ዶሮዎቹ ዕንቁላል መጣል አቁመዋል።

የሺ ደጃፍ ላይ ሆና፣ «ቅሉ እኮ አይናከስም፣ ጠጋ በለው» አለችኝ።

አሁን ጠመንጃ አለ፣ ጥይት የለም። ነገ ጥይት ፍለጋ።


ማክሰኞ፣ ጥር 18

መካነ ሰላም፣ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ። ሐጂ ጨውና ስኳር ይሸጣሉ። ፊደል የለየሁት የእሳቸውን ስኳር በጠቀለለ ጋዜጣ ላይ ነው፤ የብዙ ታሪክ መጨረሻ የማላውቀውም ለዚህ ነው፣ ጋዜጣው እዚያ ላይ ተቀዷል።

«ለሰርጉ ጥይት ቸገረኝ» ብላቸው፣ «አብሽር» አሉና ከጨው ከረጢቶቹ ሥር አንዲት ትንሽ ከረጢት ጎተቱ። የአባታቸው ናት። ድሮ በገበያ ጥይት እንደ ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ዶሮ የሸጠ ሰው ጥይት ተቀብሎ ይሄዳል፣ ጥይቱን ሰጥቶ በርበሬ ይገዛል። እነዚህ እንደዚያ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ከእጅ ብዛት ቀለሃቸው ተልጎ እንደ ጋብቻ ቀለበት ያበራል።

«ይሄ ጥይት ማሻን አይቷል፣ ወረኢሉን አይቷል፣ ወግዲንም አይቷል» አሉ ሐጂ። «ወላሂ መንገድ አይጠፋውም።»

መርቄ፣ ተመርቄ ተመለስኩ። ከጓሮ ቆሜ አነጣጠርኩ። ቃታውን ሳብኩ። ዝም። ይሄም ከሸፈ ብዬ አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ ሳደርግ ፈነዳ። የሺ ያሰጣችው በርበሬ መሃል ገባ። እኔ፣ የሺ፣ አህያዋና ሁለት የጎረቤት ሴቶች እስከ ቀትር ስናስነጥስ ዋልን። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የሐጂ ጥይት እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ ሲጠሩት ይሰማል፣ ግን አስቦ ነው የሚነሳው። ተነስቶም ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ በበቅሎ ከተፍ። ለጥይቱ ብለው ከከተማ ድረስ መጡ።

«እህ፣ የአባቴ ጥይት እንዴት ነው?»

ምን ልበላቸው? በክፉው ቀን ደጃቸው የቆመን ሰው ጨው ያልከለከሉ ናቸው። አባታቸው ደግሞ ከመቃብር ሆነው ይሰማሉ።

«ሐጂ፣ እንዲህ ያለ ጥይት በዕድሜዬ አልተኮስኩም» አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው እሁድ በእሱ ነው።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ኢንሻአላህ ደግ ቃል ነው፤ ሰውን ሳያስቀይም በጓሮ በር ያስወጣል። ሐጂ ግን የፊቱን በር ነው የሰሙት። ከእኛ ቤት ወጥተው መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ፣ ጨው ሊገዛ ለመጣ ወግዲዬ ሳይቀር፣ ቅሉ በአባታቸው ጥይት እንደሚመታ እያወሩ መሄዳቸውን ሰማሁ።


ረቡዕ፣ ጥር 19፣ ገብርኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገና ጠመንጃውን ሳነሳ የባቄላው ማሳ ተንቀሳቀሰ። አሳማ መስሎኝ ነበር። የካሳ ቆብ ብቅ አለ።

ካሳ ካቻምና ዲያቆን ነበር፤ ዘንድሮ የገበሬ ማህበሩ አብዮት ጥበቃ መሪ ነው። ድምፁ ያው የቅዳሴ ነው። «እጅ ወደ ላይ» ብሎ ሲያዜም አሜን ልለው ምንም አልቀረኝ።

«ካሳ፣ ተነሳ፤ ባቄላውን ተኛህበት።»

«ጓድ ደምሴ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተኩስ ይሰማል። በማን ላይ ነው?»

«በቅል ላይ።»

«የማን ቅል?»

«የየሺ።»

አሰበ። ከባቄላው ወጥቶ ቅሏን ዞሮ አያት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት፤ ሰርጉን፣ ወጉን፣ አጥር ውጭ ማደሩን። ፊቱ ተለወጠ። «የማህበራችን አባል በባላባት ደጅ ውጭ ያድራል?» አለ። «በፍጹም። መሬት ለአራሹ ከተባለ በኋላ?» ሽመልስ ማህበሩ ውስጥ እጅ ከማውጣት ያለፈ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ለካ አባልነት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የማህበሩም ጠመንጃ ምንሽር ስለሆነ ከራሱ ዝናር ቆጥሮ ሰጠኝ። ገና ከሳጥን የወጣ ጥይት ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ቀለበት ተቀብቶበታል። ቀለሁ መመለስ አለበት፤ በማን ላይ እንደተተኮሰም ሪፖርት ይቀርባል።

«ምን ጠላት ላይ ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የሰፋ ጠላት በል።»

ይህን በጣም ወደደው።

ተኮስኩ። የማህበሩ ጥይት አያስብም፤ ገና ቃታውን ስትነካው ይሄዳል፣ ትከሻዬንም ይዞት ሊሄድ ነበር። ከቅሉ በላይ የግራሩን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ደግሜ ብተኩስ ሌላ ቅርንጫፍ።

«እህስ?» አለ ካሳ።

«ኃይሉ ግሩም ነው። ዝንባሌው ግን ወደ ላይ ነው።»

«ወደ ላይ!» አለ ደስ ብሎት። «ልክ እንደ ትግሉ። እሁድ የሰፊው ሕዝብ ጥይት ይቅደም።»

እኔ አፌን አልከፈትኩም። አንገቴ ግን ተነቀነቀች። አንገቴ ከድሮም ፈሪ ናት።


ሐሙስ፣ ጥር 20

እትዬ ዘነቡ ሳልጠራት መጣች። ዱካዋን ተሸክማ መጥታ ከጓሮዬ መሃል አስቀምጣ ተቀመጠች። የነፍሰ ኄር አያ መኮንን ሚስት ናት። አያ መኮንን በዚህ አገር የተኩስ መምህር ነበር፤ እኔንም የድሮውን ጠመንጃ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ደምሴ፣ ስትስት ሰነበትክ» አለችኝ።

«መሳቴ በድምፅ ይታወቃል?»

«ጥይት ሲመታ ቅልም ይጮሃል። እኔ የሰማሁት ጠመንጃህን ብቻ ነው።»

ከጉያዋ የፍየል ቆዳ አወጣችና ፈታችው። ጥይቶች ናቸው፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅለው የኖሩ፣ ጭስ ጠጥተው እንደ ቡና የጠቆሩ። «የጠላ ጋኔን ሸጫለሁ» አለች። «አልጋዬን ሸጫለሁ። ይሄን አልሸጥኩም። ለሰርግ ይተኮስ እንጂ ለለቅሶዬ እንዳታስተኩሺው ብሎኛል። እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሰርግ ከየት ይምጣ።»

የሺ ውቀጣዋን አቆመች።

«በል ተኩስ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ» አለች እትዬ ዘነቡ።

ዛሬ ነገሩን በዘዴ ያዝኩት። ከቅሉ ኋላ ያለውን ገደል በአመድ ለቀለቅኩት። ጭድ የተሞላ ጆንያ አጋድሜ ጠመንጃውን አስደገፍኩ፣ ራሴም በሆዴ ተኛሁ። ከሦስቱም ቤት ጥይት እያፈራረቅኩ፣ ሁሌም የቅሉን እምብርት እያነጣጠርኩ ተኮስኩ። በተኮስኩ ቁጥር ሄጄ ቀዳዳውን ምልክት አደርግበታለሁ፤ ለሐጂ እሾህ፣ ለማህበሩ ጠጠር፣ ለአያ መኮንን ከሰል።

ስጨርስ ቆሜ አየሁት። እሾሆቹ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ። ጠጠሮቹ አንድ ስንዝር ወደ ላይ። ከሰሎቹ አንድ ስንዝር ወደ ግራ፤ እነሱ ግን ሁሉም በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ፣ ጎጆ ውስጥ እንዳለ ዕንቁላል ተጠጋግተው።

ለካ ጥፋቱ የእኔም የጠመንጃውም አይደለም። ጥይት የቤቱን ጠባይ ይዞ ነው የሚወጣው። ይህን ለመረዳት በዚህ ዕድሜዬ በሆዴ መተኛት ነበረብኝ።

በአያ መኮንን ጥይት አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አድርጌ አነጣጠርኩ። ቃታውን ሳብኩ። ቅሉ ጮኸ። እውነቷን ነው፣ ቅል ይጮሃል።

የሺ ሮጣ ወጣች። የሰቀልኩት የመናጫዋ ቅል ኖሯል። ስባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ በቀሚሷ ያዘች፤ ከዚያ እዚያው እንዳጎነበሰች እልል አለች። እልልታም ነው ለቅሶም ነው።

እትዬ ዘነቡ አይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች። ከጥይቱ የቀሩት ሦስት ናቸው። «ለእሁድ» ብላ ሦስቱንም እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ዱካዋን ተሸክማ ሄደች።

ሽመልስ ከአውድማ ሲመለስ ነገርኩት። ያ ልጅ ካጨ ጀምሮ ፊቱ የፆም ፊት ነው። «አያ፣ እውነት መቱት?» አለኝ። ስባሪውን አሳየሁት። አንዲቱን ስባሪ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ለአለሚቱ ሊያሳያት ነው መሰለኝ፤ ስቄ አላበቃሁም።

ጥሩ ቀን ነው። ሦስት ጥይት፣ አንድ ጠባይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ሐጂን ምን እላቸዋለሁ? ካሳንስ?


አርብ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ምንም አላልኳቸውም። እነሱ ናቸው ያሉኝ።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጡ፣ ለሰርጉ አንድ ራስ ስኳር ይዘው። ካሳ የስብሰባ ውሳኔ ይዞ መጣ፤ የመጀመሪያው ጥይት የማህበሩ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ሽመልስ ራሱ እጁን አውጥቷል፤ ልማድ ሆኖበት ነው። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ጠላ ልትቀምስ ብላ ቁጭ ብላለች። ሦስቱ በእኔ ጓሮ ሲገናኙ ማምለጫ አልነበረኝም።

እውነቱን ልናገር ተነሳሁ። «ወገኖቼ፣ ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ።

«እውነት ነው» አሉ ሐጂ። «አባቴም ይህን ይሉ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ተነሳሁ። «የሚመታውን እንምረጥ» አልኩ።

«ትክክል» አለ ካሳ። «ማህበሩም የመረጠው ይህንኑ ነው።»

እንደገና ተቀመጥኩ። ሰውን ፊት ለፊት «የአባትህ ጥይት አይረባም» የሚል አንደበት ከየት ይገዛል? ቢሸጥ ኖሮ ጠመንጃውን ትቼ እሱን በበቅሎዬ በለወጥኩ።

«የሰፊው ሕዝብ ይቅደም» ይላል ካሳ። «እኔ ከከተማ ድረስ የመጣሁ እንግዳ ነኝ፣ እንግዳ ይቀድማል» ይላሉ ሐጂ። ፀሐይ ዞረች። የሺ ሁለተኛ ማሰሮ ጠላ አቀረበች። ሐጂ የሚጠጡት ውሃ ስለሆነ ክርክሩ ለእሳቸው እየቀና ሄደ።

በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ፈረደች። «ከየቤቱ አንድ አንድ ይሁን» አለች። «ሐጂ በዕድሜ ይቅደሙ። ቀጥሎ የማህበሩ። የእኔ መኮንን መጨረሻ ይሁን። ሁለቱ ሲስቱ የእሱ ይምታ።»

«አይስትም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከለውጡ ወዲህ ሐጂና ካሳ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ተመራርቀው ተለያዩ። ሁሉም እሁድ ከጎኔ ቆመው ሊያዩ ቃል ገብተዋል። የሐጂው ያበራል፣ የካሳው ቀይ ቀለበት አለው፣ የዘነቡው ጥቁር ነው። አንዱን ትቼ ሌላውን ባጎርስ ከሩቅ ያዩኛል።

ሽመልስ እህሉን ሲያገባ ቆይቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሳይቀልድ፣ ሳይቆጣ፣ «እንግዲህ አያ፣ ውጭ ማደራችን ነው?» አለኝ። ልጁን ሳሾፍበት ነው ያሳደግኩት። ዛሬ ጠላውን ብቻ አቀበልኩት። ባላምባራስ የሚሰቅሉት ቅል የዶሮ ዕንቁላል አክሎ ታየኝ። አሳንሱት ያልኩ እኔው ነኝ።

የሺ ልጃገረዶቹ የሚዘፍኑትን ከአሁኑ አውጥታልኛለች፣ ጆሮዬ እንዲለምደው፤

ተኳሹ አጎቱ ዐይኑ ምን ሆነበት፣
ቅሉ ይስቅ ጀመር ጥይት ሲያልፍበት።

ከእሷ የተሻለ አይዘፍኑም።


ቅዳሜ፣ ጥር 22

ማለዳ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ደግ ሐሳብ ነው አልልም።

የእትዬ ዘነቡን ሦስት ጥይቶች ፊቴ ደረደርኩ። አንዱ እንዳለ ይሁን። ሁለተኛውን በአመድና በሎሚ ማሸት ያዝኩ፤ ጭሱ ሲለቅ ልክ የሐጂን ይመስላል። ለሦስተኛው ደግሞ የሺ ለሰርጉ ካፈላችው እንሶስላ በስንጥር ነክሬ አንገቱ ላይ ቀይ ቀለበት ሳልኩለት። ሐጂ ይኮራሉ፣ ካሳ ይኮራል፣ አያ መኮንን ሦስት ጊዜ ይተኮስለታል፣ ሽመልስ ከሚስቱ ጋር ያድራል። ማን ተጎዳ?

የሺ በላዬ ቆማ አየችኝ። «ጥይት እንሶስላ ስትቀባ አየሁህ፤ ልትድራት ነው?»

«ዝም በይ፣ ሎሚ ጨምሪልኝ።»

«አያ መኮንን ያይሃል» አለች። ሎሚውን ግን ጨመረችልኝ።

ግማሹን አሽቼ፣ ጥይቷ ግማሽ ሐጂ ግማሽ ዘነቡ ሆና ሳለ፣ በጓሮው መንገድ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ሐጂ መጡ ብዬ ሦስቱንም በአመዱ ውስጥ ቀብሬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐጂ አይደሉም። እስከ ዐይኑ በጋቢ የተሸፈነ ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ሆዱ ወደ ፊት ገፍቷል። ጋቢውን ከፊቱ ሲያወርድ ባላምባራስ ተገኘ ናቸው።

የሙሽሪት አባት ከሰርጉ በፊት የወንድ ቤት ደጅ አይረግጥም። ሰው ቢያያቸው የወግዲ መሳቂያ ናቸው። የሺ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት የእኔን መደብ አሳየቻቸው፤ እኔ ደግሞ ከአመዱ ላይ መነሳት አልቻልኩም።

ባላምባራስ አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን ገልጠው ሆዳቸውን አወጡት። ቅል ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቅል አላየሁም፤ እንቅብ ያህላል። እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«ደምሴ፣ ይሄ ይታይሃል?»

«እንዴት አይታየኝም።»

«ከሃምሳ እርምጃስ?»

«ባላምባራስ፣ ይሄ እኮ ከዚህ ሆኖም ወግዲ ላይ ይታያል።»

«ቅሉን አሳንሱት ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«አሳንሼዋለሁ። ታላቅየው ቤት ቀርቷል።»

ሁላችንም ቅሉን አየን።

«በርበሬ መትተሃል ይላሉ» አሉ ቀጥለው።

«አንዴ ነው።»

ያኔ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ» አሉ። «ሰርገኛ ውጭ ካደረ ሁለት ቀን የሚቀልበው እኔ ነኝ። በደጉ ጊዜ ሳምንት ባሳደርኳችሁ፣ ደስ እያለኝ። ዘንድሮ ጎተራዬን ጠርጌ ነው የደገስኩት። ጠላው የአንድ ቀን ነው፣ እንጀራው የአንድ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት የማቀርብልህ የለኝም። ወጉን አስቀራለሁ ብል ደግሞ ባላምባራስ አጣ ይባላል። ቅል ልገዛ ነው ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።»

እኔ ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት የእኔን ውርደት ነው። እሳቸው ደግሞ የእሳቸውን ታቅፈው በበቅሎ ሲመጡ ኖሯል።

ከአመዱ ላይ ተነሳሁና ሦስቱን ጥይቶች አውጥቼ አሳየኋቸው። ግማሽ ሐጂ የሆነችውን አገላብጠው አዩ፤ እንሶስላውን አዩ። ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። የሺም፣ እኔም። ክፉው ቀን ካለፈ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ አልተሳቀም።

ቅሉን በስንዝር ለካሁት። እምብርቱን አነጣጥሬ የሐጂ ወደ ቀኝ ቢሄድ ቅል ነው። የማህበሩ ወደ ላይ ቢወጣ ቅል ነው። የአያ መኮንን ወደ ግራ ቢል ቅል ነው። እንግዲያው ማንም ማንን መምሰል የለበትም። ሐጂ ሐጂ ሆነው ይቅደሙ፤ ቢያስቡም እጠብቃቸዋለሁ። የተረፉት ሁለቱ ለደስታ ይተኮሳሉ፤ አያ መኮንንም የፈለገው ይህንኑ ነበር። የነጣችውን ጥይት እትዬ ዘነቡ ካየችብኝ፣ ለሰርግ ታጥባ ነው እላታለሁ። ታምነኛለች ወይ፣ እሱን ነገ አያለሁ።

ባላምባራስ ውሃ ጠጥተው ተነሱ። ቅሉን እንደገና ሆዳቸው አድርገው ጋቢያቸውን ደረቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ይበቃሃል? እውነቱን ንገረኝ። ካልበቃህ እንስራ አለኝ።»

እንስራውን እምቢ አልኩ። ለሰው ክብር የሚባል ነገር አለ። የት እንዳስቀመጡት ግን ጠየቅኳቸው።